ኦርኬስትራ ኢትዮጵያና ባለ መሣሪያዎቹ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በ1969 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ የተነሡ ጥቂት ባለ መሣሪያዎች መሰንቋቸውን፣ ክራራቸውንና ዋሽንታቸውን ይዘው በአሜሪካ አገር ከከተማ ወደ ከተማ እየተዘዋወሩ ሲጫወቱ ሰነበቱና፣ በዚያው ጉዞ ኤድ ሱሊቫን በተባለው ሰው ስም በየእሑድ ምሽቱ ይተላለፍ በነበረውና ብዙ ቤተ ሰብ ተሰብስቦ ይመለከተው በነበረው የቴሌቪዥን መርሐ ግብር ላይ ቀረቡ። ይህ መርሐ ግብር በ1964 ቢትልስ የተባሉትን የእንግሊዝ ወጣቶች ለአሜሪካ ሕዝብ ያሳየ ነበርና፣ በዚያ መድረክ ላይ የፈረስ ጭራ የተዘረጋበት ባለ አንድ አውታር መሰንቆ መሰማቱ እንደ ቀላል ነገር የሚታለፍ አይደለም። ቡድኑ ለጉዞው «ብሉ ናይል ግሩፕ»፣ ማለት የዓባይ ቡድን፣ ተብሎ ቢሰየምም በአገሩ የታወቀበት ስም ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ነው። የምንኖርበት የጎጃሙ የባሶ ሊበን ወረዳ ምድር ከይጁቤ ከተማ ወዲያ ወደ ደቡብ እያቆለቆለ ሄዶ የሚያበቃው በዓባይ በረሃ እንደ መሆኑ፣ የወንዛችንን ስም ተሸክሞ ባሕር የተሻገረ ማኅበር ታሪክ እኛን የዚህን አገር ሰዎች ከማንም ይልቅ ሊያሳስበን ይገባል እላለሁ።

ስለ ሙዚቃ ቡድኖች በሚጻፈው ሁሉ ዘወትር ጎልቶ የሚታየው የመድረክ ዝናና የአድማጭ ብዛት ነው። እኔ በዚህ ጽሑፍ ልመረምረው የፈለግሁት ግን ከመድረኩ በስተኋላ ያለውን፣ ማለት እያንዳንዱ ባለ መሣሪያ ከየት ወጥቶ፣ ከማን እጅ ተምሮ፣ ምን ዓይነት ዜማ በጆሮው ሞልቶ ወደ ማኅበሩ እንደ ገባ ነው። ምክንያቱም የአባቶችን ሙዚቃ በአዲስ አኳኋን ለመሥራት ከተነሡት ቡድኖች መካከል፣ በአገራችንም ሆነ በባዕድ አገር፣ ሥራቸው የጸናላቸው አባሎቻቸው ጥንቱን እስከ ሥሩ ዐውቀው የተገናኙት መሆናቸውን በጽኑ አምናለሁ።

ከኦርኬስትራ ኢትዮጵያ በፊት የነበረውን ሥርዐት ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻም፤ በጎጃም ደጋ ያደገ ሰው ሁሉ ከልጅነቱ ያየው ነው። መሰንቆ የአዝማሪ ነው፤ አዝማሪው በሠርግና በክርስትና፣ በገበያ ቀንም በጠጅ ቤት ደጋኑን እየሳበ ያዜማል፤ ከታዳሚው አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ሲሰጠው ሳይዘገይ ተቀብሎ በዜማ ያወርደዋል፤ ሰሙን ለሁሉ፣ ወርቁን ለሚያስተውል ያከፋፍላል። ዋሽንት የእረኛ ነው፤ ከሸምበቆ ተቆርጦ፣ አራት ቀዳዳ ተበስቶለት፣ ከብቱ በተሰማራበት መስክ ይነፋል። በገና ዐሥር የአንጀት አውታሮች ተዘርግተውበት፣ አውታሮቹ ሲነኩ ጥልቅና ነዛሪ ድምፅ እንዲሰጡ ቁራጭ ቆዳ እየተደረገላቸው፣ በዐቢይ ጾም የሚደረደር የጸሎትና የተዘክሮ መሣሪያ ነው፤ አባቶች የነቢዩ የዳዊት በገና ነው ስለሚሉት ካህናቱና መኳንንቱ ያከብሩታል፤ አዝማሪም በዘፈን ቦታ አይነካውም። እምቢልታና መለከት የቤተ መንግሥት ነበሩ፤ ንጉሥ ሲጓዝ፣ አዋጅ ሲነገር፣ መስፍን ግብር ሲያበላ ይነፉ ነበር። ጸናጽልና መቋሚያ ደግሞ በቅዱስ ያሬድ ዜማ፣ በግዕዝ በዕዝልና በአራራይ፣ ማኅሌት ከሚቆሙት ሊቃውንት እጅ አይወጡም።

እነዚህ ሁሉ በአንድ አገር ይኑሩ እንጂ በአንድ ጉባኤ አይቀመጡም ነበር። የለያቸውም የድምፃቸው ልዩነት ብቻ አልነበረም፤ የሰዎቹ መዓርግ ነበር። አዝማሪው ሲያሞግሰው ብር እየለጠፈ የሚያደንቀው ባለጸጋ ልጁን ለአዝማሪ ልጅ ለመዳር ፈቃደኛ አልነበረም፤ ደብተራው ከአዝማሪው ጋር አንድ መድረክ ላይ ቆመህ ተጫወት ቢባል እንደ ውርደት ይቈጥረው ነበር፤ የእረኛውን ዋሽንት ደግሞ ከሜዳ አውጥቶ ከሰው ፊት የሚያቀርበው አልነበረም። የትግራይ ባለ ክራር፣ የጎጃም ባለ መሰንቆ፣ የደቡብ ባለ ሸምበቆ እርስ በርሳቸው ሳይተዋወቁ እያንዳንዳቸው በየመንደራቸው ጥበባቸውን ለልጆቻቸው እያወረሱ ዘመን አልፏል። ስለዚህ እነዚህን በአንድ ጣራ ሥር ለመሰብሰብ ያሰበ ሰው ማሰብ የነበረበት ስለ ሙዚቃ ብቻ ሳይሆን ስለ ሰው ክብርም ጭምር ነው።

ያሰቡትም ሐሊም ኤል ዳብ የተባሉ ግብጻዊ የሙዚቃ ደራሲ ናቸው። እኚህ ሰው በ1921 በካይሮ ተወልደው በዩኒቨርሲቲ የተማሩት የእርሻ ትምህርት ነበር፤ ነገር ግን ልባቸው ያዘነበለው ወደ ሙዚቃ ስለ ሆነ፣ በ1944 ገና ወጣት ሳሉ በሽቦ ላይ ድምፅ የሚቀርጽ መሣሪያ ተውሰው የዛር ሥርዐት ወደሚፈጸምበት ስፍራ ገብተው የሴቶቹን ዝማሬ ቀረጹ፤ ከዚያም የተቀረጸውን ድምፅ በመሣሪያ እያሳሱና እያወፈሩ፣ እያስተጋቡም፣ ከዚህ ቀደም ያልተሰማ ድርሰት ሠሩበት። ይህ ሥራቸው በዓለም ላይ ከተቀረጸ ድምፅ ከተሠሩት የመጀመሪያዎቹ ድርሰቶች አንዱ ሆኖ ይቈጠራል። የዛር ነገር ከኢትዮጵያ ወደ ዓባይ ግርጌ አገሮች የወረደ ነው የሚሉ ሊቃውንት ብዙ ናቸውና፣ ኤል ዳብ እግራቸው አዲስ አበባን ሳይረግጥ ጆሯቸው ከኢትዮጵያ ጋር ተዋውቆ ነበር ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። በ1950 ወደ አሜሪካ ተሻግረው ኤሮን ኮፕላንድን ከመሰሉ የታወቁ ደራስያን ዘንድ ተማሩ፤ በ1958 ማርታ ግራሃም የተባለችው ስመ ጥር የዳንስ ጠቢብ ላዘጋጀችው ክሊተምኔስትራ ለተባለው ትርኢት ሙዚቃውን የደረሱት እርሳቸው ናቸው። እንዲህ ያለ ስም ያተረፉ ሰው በ1962 ለማስተማር ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መጡ።

በመጡ በዓመቱ፣ በ1963፣ በዩኒቨርሲቲው የኪነ ጥበባት ማዕከል ጥላ ሥር ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሠረቱ። ከልዩ ልዩ ብሔረ ሰቦች የተውጣጡ ባለ መሣሪያዎች ተሰበሰቡ፤ ቁጥራቸውም እስከ ሠላሳ የደረሰበት ጊዜ ነበር። እኔን በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ሰውዬው የተመራመሩትን የአውሮፓና የአሜሪካ ሙዚቃ ይዘው መጥተው በባለ መሰንቆውና በባለ ዋሽንቱ ላይ አለመጫናቸው ነው። በዚያ ዘመን በአዲስ አበባ የሠለጠነ ሙዚቃ ማለት የክብር ዘበኛና የፖሊስ ሠራዊት የነሐስ መሣሪያ ጓድ፣ ሳክስፎንና ትሮምቦን፣ ኋላም የኤሌክትሪክ ጊታር ማለት ነበር። በ1924 አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባዎቹ የአርመን ልጆች የጀመሩት መንገድ ሠፍቶ አውራ ጎዳና ሆኖ ሳለ፣ የኤል ዳብ ማኅበር ከዚያ ጎዳና ወጥቶ ወደ መሰንቆው ተመለሰ፤ አዲሱንም ነገር ከራሱ ከመሰንቆው ለማውጣት ሞከረ።

ይህ ግን በቃል እንደሚነገረው ቀላል አልነበረም፤ አንባቢ ጭንቁን እንዲረዳው ስለ መሣሪያዎቹ ጠባይ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ክራር አምስት ወይም ስድስት አውታር ሲኖረው፣ የሚቃኘው በዘፋኙ ጉሮሮ ልክ ነው፤ ዘፋኙ ድምፁ ወፍራም ቢሆን ዝቅ፣ ቀጭን ቢሆን ከፍ ይደረጋል፤ ከዚያም እንደ ዘፈኑ ጠባይ በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰል ወይም በአንቺ ሆዬ ቅኝት ይዘጋጃል። መሰንቆ ደግሞ አውታሩ አንድ ብቻ ስለ ሆነ ድምፁን የሚወስነው የባለ መሰንቆው ጣት ነው፤ ስለዚህም በሁለት ድምፆች መካከል ያለውን ስውር መንገድ ሁሉ እየተንሸራተተ ይሄድበታል። ዋሽንት ግን እንዲህ አይታዘዝም፤ ሸምበቆው አንዴ ከተቆረጠና ቀዳዳው አንዴ ከተበሳ በኋላ ድምፁ የተወሰነ ነው፤ ባለ ዋሽንቱ ሌላ ቅኝት ሲፈልግ ሌላ ዋሽንት ማንሣት ግድ ይሆንበታል። እምቢልታ ከሁሉ የባሰ ነው፤ ቀዳዳ ስለሌለው አንዱ ሰው የሚያወጣው ድምፅ አንድ ወይም ሁለት ብቻ ስለሆነ፣ ሦስት ሰዎች ተራ እየገቡ ካልነፉ ዜማው አይሞላም። በገና እነዚህ ሁሉ ሲጮኹ በመካከላቸው ይሰወራል፤ ድምፁ ጸጥታን የሚሻ ነውና። እንግዲህ እነዚህን በአንድነት አሰልፎ ማጫወት ማለት፣ የዋድላ፣ የጎንጅና የዋሸራ ቅኔ ቤት ደቀ መዛሙርትን በአንድ ጉባኤ አስቀምጦ እያንዳንዱ የመምህሩን መንገድ ሳይለቅ እርስ በርሳቸው እንዲደማመጡ ማድረግን ያህል የረቀቀ ሥራ ነው።

በአገራችን ባህል ዘፋኙና መሰንቆው አንዱኑ ዜማ ጎን ለጎን ይከተሉታል፤ ሰውየው የጣለውን መሰንቆው ያነሣል፣ መሰንቆው ያስረዘመውን ሰውየው ይቈርጣል። አንድ ሰው ራሱን ሲያጅብ ይህ ነጻነት ውበት ነው፤ ሃያና ሠላሳ ሰው ሲሆን ግን ማን መጀመሪያ እንደሚገባ፣ ማን ዝም እንደሚል፣ ከበሮው የቱን ምት ይዞ እንደሚጸና አስቀድሞ ካልተወሰነ ጩኸት ይሆናል። ባለ መሣሪያዎቹ ደግሞ ጥበባቸውን በጆሮና በጣት የተቀበሉ እንጂ በወረቀት ላይ ከተጻፈ ኖታ የተማሩ አልነበሩም። ስለዚህ ሥራው የሚሄደው በመደጋገም፣ አንዱ ሌላውን እየሰማ በልቡ በመያዝ፣ በአገራችን ትምህርት ቤት ድጓ እንደሚቀጸልበት መንገድ ነበር ማለት ይቻላል። ይህን ትዕግሥት የጠየቀ ሥራ ዩኒቨርሲቲ ባይደግፈው ኖሮ በየጠጅ ቤቱ ለዕለት እንጀራው የሚጫወት አዝማሪ ብቻውን ሊያደርገው አይችልም ነበር፤ የዩኒቨርሲቲው ውለታ በዚህ ረገድ መታሰብ አለበት።

ኤል ዳብ በ1964 ሲሄዱ የማኅበሩን ኃላፊነት ጆን ኮ የተባለው አሜሪካዊ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኛ ተረከበ፤ ከእርሱም በኋላ፣ በ1966፣ አመራሩ ወደ ኢትዮጵያዊ እጅ፣ ወደ አቶ ተስፋዬ ለማ ተላለፈ። አቶ ተስፋዬ ግጥምና ዜማ ደራሲ፣ የውዝዋዜ አቀናባሪ፣ የመድረክ ሰው ነበሩ፤ በእርሳቸው ዘመን የማኅበሩ ሥራ ከምርምር ቤት ወደ ሕዝብ መድረክ ይበልጥ ቀረበ፤ ዘፈኑ ከውዝዋዜና ከጨዋታ ጋር ተዋደደ፤ ተመልካቹም በዛ። ስለ አገር መሣሪያዎች ያጠኑትን ደግሞ በ1975 የኢትዮጵያ የሙዚቃ መሣሪያዎችን በሚመለከት በታተመ መጽሐፍ አበርክተዋል። አንዳንድ ሰው የኤል ዳብን ዘመን የጥልቀት፣ የተስፋዬን ዘመን የተወዳጅነት ዘመን አድርጎ ይከፍላል፤ እኔ ይህን አከፋፈል አልወደውም። በአዲስ መልክ የተሠራ ሙዚቃ ሕዝቡ ካልተቀበለው በመዝገብ ቤት የሚቀር ጽሑፍ ነው፤ ለዓመታት እየተጓዘ፣ ባሕርም ተሻግሮ እንዲሰማ ያደረገው የአቶ ተስፋዬ ድካም በመሆኑ፣ ከመሥራቹ የማያንስ ክብር ይገባቸዋል።

አሁን ወደ ባለ መሣሪያዎቹ እንመለስ። ጌታመሳይ አበበ የማኅበሩ ባለ መሰንቆ ነበሩ፤ ዮሐንስ አፈወርቅ በዋሽንት፣ መላኩ ገላው በዋሽንትና በክራር የታወቁ ናቸው። እነዚህ ሰዎች ጥበባቸውን ወደ ማኅበሩ ያመጡት አስቀድመው ተምረው ነው፤ ማኅበሩ የሰጣቸው ሌላ ነገር ነው፦ የሌላውን አገር ሰው ጨዋታ መስማትን፣ የራስን ድምፅ ለጊዜው ዝም ማሰኘትን፣ ተራን መጠበቅን። ለብቻው ሲጫወት ንጉሥ የሆነ አዝማሪ በሠላሳ ሰው መካከል ወንድም መሆንን መማር ነበረበት፤ በእኔ አስተያየት ከጣት ጥበብ ይልቅ የሚከብደው ይህ ነው።

በ1966 ወደ አዲስ አበባ የመጣ ሌላ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኛ፣ ቻርልስ ሳተን የሚባል ወጣት፣ ከጌታመሳይ አበበ እግር ሥር ተቀምጦ መሰንቆ ተማረ። ይህን ነገር አንባቢ ቆም ብሎ እንዲያስብበት እወዳለሁ። የገዛ አገሩ ሰው አዝማሪ ብሎ ዝቅ አድርጎ የሚያየውን ሰው፣ ከሩቅ አገር የመጣ ፈረንጅ መምህሬ ብሎ ተቀበለው፤ ደጋን አያያዙንና የጣቱን አረማመድ ከእርሱ ቀሰመ፤ በአማርኛም እየዘፈነ ከማኅበሩ ጋር ተሰለፈ። የ1969ኙ የአሜሪካ ጉዞ እንዲሳካ የደከመውም እርሱ ነው። በዚያን ጊዜ ከኢትዮጵያ ወደ ውጭ ለትምህርት የሚላከው ወጣት ብዙ ነበር፤ ከውጭ መጥቶ ከኢትዮጵያዊ አዝማሪ የተማረ ግን ጥቂት ነውና፣ የጌታመሳይ መሰንቆ የዩኒቨርሲቲ ወንበር ያህል ክብር አግኝቶበታል።

ከቀደሙት ሰዎች እጅ የተማሩትን ሙዚቃ አዋሕዶ አዲስ ነገር ማውጣት የታየው በእኛ አገር ብቻ አይደለም። በአሜሪካ በኬንታኪ ግዛት፣ ሮዚን በምትባል ትንሽ መንደር በ1911 የተወለደው ቢል ሞንሮ፣ እናትና አባቱ ገና በልጅነቱ ስለ ሞቱበት በመንደር ጭፈራ ቫዮሊን ከሚመታ አጎቱ ከፔን ቫንዲቨር ዘንድ አደገ፤ አርኖልድ ሹልዝ ከሚባል ጥቁር የጊታር ጠቢብ የኀዘን ዜማን አሰማም ተማረ፤ ከቤተ ክርስቲያን ደግሞ የኅብረት ዝማሬን ወረሰ። እነዚህን ሦስቱን፣ የጭፈራውን፣ የጥቁሮቹንና የቤተ ጸሎቱን፣ አዋሕዶ ማንዶሊን በተባለች ባለ ስምንት አውታር መሣሪያው ላይ አፈሰሳቸውና፣ ቡድኑ «ብሉ ግራስ ቦይስ» ስለ ተባለ ሙዚቃው ሁሉ ብሉግራስ ተብሎ ቀረ። በ1945 መጨረሻ ኧርል ስክራግስ ባንጆውን በሦስት ጣት እያንጠባጠበ ቡድኑን ሲቀላቀል የሙዚቃው መልክ ተሟላ። ባንጆም ራሷ በባርነት ተግዘው ከምዕራብ አፍሪካ የተወሰዱ ሰዎች ይዘውት በሄዱት ዕውቀት የተሠራች፣ በቅል ላይ ቆዳ ተወጥሮባት አውታር የተዘረጋባት መሣሪያ ነበረች፤ የክራራችንን ቆዳ ያየ ሰው ዝምድናውን ለመገመት አይቸገርም። በዚህ ሙዚቃ ከበሮ የለም፤ ባለ መሣሪያዎቹ በአንድ ማይክሮፎን ዙሪያ ቆመው እያንዳንዱ በተራው ወደ ፊት ይወጣል፣ ጥበቡን ያሳያል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ የቀሩት ምቱን ይይዙለታል።

ይህም ሙዚቃ ከአንድ ትውልድ በኋላ እንደ ጥንት ይቈጠር ጀመርና፣ በ1971 በኬንታኪዋ የሉዊቪል ከተማ ሳም ቡሽና ጓደኞቹ ያቋቋሙት ኒው ግራስ ሪቫይቫል የተባለ ቡድን በማንዶሊንና በባንጆ የሮክና የጃዝ ሙዚቃ መጫወት ጀመረ። በእኛ ዘመን ደግሞ ይህንኑ መንገድ ከሁሉ አርቆ የወሰደው በ2006 የተመሠረተው ፓንች ብራዘርስ ነው። የአባሎቹን አስተዳደግ የሚመረምር ሰው ብዙ ይማራል። የማንዶሊኑ ጌታ ክሪስ ቲሊ ከልጅነቱ ጀምሮ ኒክል ክሪክ ከተባለው ቡድን ጋር በመድረክ ያደገ ሲሆን፣ በ2013 የባህን የቫዮሊን ድርሰቶች በማንዶሊን ተጫውቶ አሳትሟል። የጊታር መቺው የክሪስ ኤልድሪጅ አባት ቤን ኤልድሪጅ ሴልደም ሲን የተባለው የታወቀ ቡድን ባለ ባንጆ ነበሩ፤ ልጁ ሙዚቃውን በቤቱ እየሰማ ያደገ ነው ማለት ነው፤ እርሱ ግን በኦበርሊን የሙዚቃ ትምህርት ቤትም ገብቶ ተምሯል። በቡድኑ ቫዮሊን ይመታ የነበረው ጌብ ዊቸር ከሕፃንነቱ በቤተ ሰቡ ቡድን ውስጥ ሲመታ ኖሯል። በኋላ የገባው ባለ ባሱ ፖል ኮወርት ኤድጋር ማየር ከሚባለው መምህር ዘንድ ሠልጥኗል። ባንጆውን የመታው ኖአም ፒከልኒ ደግሞ በ2010 ስቲቭ ማርቲን የተባለው ሰው ለባንጆ ጠቢባን ያቋቋመውን ሽልማት የመጀመሪያው ተሸላሚ ሆኗል። እነዚህ ሰዎች በ2008 ባወጡት አልበም አራት ክፍል ያለው ረጅም ድርሰት ተጫውተዋል፤ በ2015 ባወጡት ደግሞ የፈረንሳዊውን የደቡሲን ሥራ በባንጆና በማንዶሊን አሰምተዋል። ነገር ግን እያንዳንዱ ለብቻው ተቀምጦ የአያቶቹን የጭፈራ ዜማ ምታ ቢባል ሳያወላውል የሚመታ ነው፤ ረጅሙን ድርሰት ለመሸከም የሚያስችላቸውም ይኸው ነው።

በእነርሱና በኦርኬስትራ ኢትዮጵያ መካከል ያለውን ልዩነት ግን መሸሸግ አይገባም። የአሜሪካኖቹን ሙዚቃ ያሳደጉት ሬዲዮና የሸክላ ገበያ ናቸው፤ ሞንሮ በ1939 ግራንድ ኦል ኦፕሪ በተባለው የሬዲዮ መርሐ ግብር ላይ ከገባ ጀምሮ ድምፁ በየሳምንቱ በሰፊው አገር ይሰማ ነበር፤ ሸክላውንም የገዛ ልጅ በየቤቱ እየደጋገመ ሰምቶ ይማርበት ነበር። ትውልድ ትውልድን ሳያገኘው ሊያስተምረው የቻለው በዚህ ምክንያት ነው። የእኛ ማኅበር ግን ያረፈው በአንድ ዩኒቨርሲቲ ትከሻ ላይ ነበርና፣ በ1974 አብዮት ፈንድቶ የአገሩ ነገር ሁሉ ሲለዋወጥ እርሱም በ1975 ተበተነ። ዐሥራ ሁለት ዓመት የቆየ ጉባኤ እንዲህ ሆኖ ፈረሰ። የቀሩት የተቀረጹ ሥራዎች በፈረንሳይ አገር «ኢትዮጲክስ» በሚባለው ተከታታይ የሙዚቃ ዝግጅት ውስጥ ሃያ ሦስተኛው ሆነው በ2007 ለዓለም አድማጭ ቀረቡ። በዚያው ዓመት ጌታመሳይ አበበና ቻርልስ ሳተን ከብዙ ዘመን መለያየት በኋላ ተገናኝተው «ዞሮ ገጠም» የተባለውን ሥራ አወጡ። አቶ ተስፋዬ ለማ ወደ አሜሪካ ከሄዱ በኋላም ሥራቸውን ሳያቆሙ በዋሽንግተን አካባቢ ናይል ኢትዮጵያን አንሳምብል የተባለ ቡድን አቋቁመው የአገራቸውን መሣሪያ ለስደተኛውና ለባዕዱ ሲያሰሙ ኖረው በ2013 ዐረፉ፤ ኤል ዳብ ደግሞ በ2017 በዘጠና ስድስት ዓመታቸው አረፉ።

ዘሩ ግን አልጠፋም። በለንደን ተመስገን ዘለቀ የሚመራው ክራር ኮሌክቲቭ ክራርን በኤሌክትሪክ አጠንክሮ፣ በባስ ክራርና በከበሮ አጅቦ በ2012 «ኢትዮጵያ ሱፐር ክራር» የተባለ አልበም አውጥቷል፤ ተመስገን ከሙላቱ አስታጥቄ የተማረ መሆኑ የሥራውን ሥረ መሠረት ያሳያል። በአዲስ አበባም፣ በካዛንቺስ በነበረው የፈንዲቃ አዝማሪ ቤት ከውዝዋዜ ተነሥቶ የመጣው መላኩ በላይ የሚመራው ኢትዮ ከለር ቡድን መሰንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንትና ከበሮ ይዞ በብዙ አገር መድረክ ቆሟል። በቅዱስ ያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤትም መሰንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንትና በገና ከፒያኖና ከቫዮሊን ጎን ለጎን ይሰጣሉ።

እኔ የምፈራው ለቡድኖቹ አይደለም፤ ቡድን ይመሠረታል፣ ይፈርሳል፣ ዳግመኛም ይመሠረታል። የምፈራው ቡድኖቹ ለሚቀዱባቸው ምንጮች ነው። በጎጃም ገጠር ዛሬ ዋሽንት እየነፋ ከብት የሚያግድ ልጅ እያነሰ ሄዷል፤ በሠርጉም ቤት አዝማሪው በነበረበት ስፍራ የድምፅ ማጉያና የተቀረጸ ዘፈን ተተክቷል፤ በዐቢይ ጾም በገና የሚደረድሩ ሽማግሌዎችም በየሰፈሩ የሚገኙ አይደሉም። ልጆቻችን መሰንቆን በቴሌቪዥን ብቻ የሚያውቁት ከሆነ፣ ነገ ሌላ ኤል ዳብ ቢመጣ የሚሰበስባቸውን ጌታመሳዮች ከየት ያገኛል? በመድረክ ላይ የሚሰማው አዲስ ድምፅ ሁሉ በመንደር ሲሠራ የኖረ ነውና፣ መንደሩ ጸጥ ካለ መድረኩም ይራቆታል።

ስለዚህ ይህን የምታነቡ የይጁቤና የአካባቢው ሰዎች ሆይ፣ በየቤታችሁ ዋሽንት የሚነፋ አባት፣ መሰንቆ የሚመታ ዘመድ፣ በገና የሚደረድር ካህን ካላችሁ፣ ዛሬ እጃችሁ ላይ ባለው ስልክ ድምፁን ቅረጹት፤ ስሙን፣ መንደሩን፣ ጥበቡንም ከማን እንደ ተቀበለ ጨምራችሁ መዝግቡ፤ እርሱም ከፈቀደ ቅጂውን በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ወይም በወረዳው ባህል ጽሕፈት ቤት አስቀምጡ። ልጆቻችሁንም በዕረፍት ቀን ከጎኑ ተቀምጠው ጣቱን እያዩ እንዲማሩ ላኳቸው፤ አስተማሪውንም ስለ ድካሙ ክፈሉት።